ስለ ደብር ዛፍ ታሪክ፤ የአባቶች ዕውቀትና የዘመኑ ትምህርት ስለ መገናኘታቸው

ምእመናን ሆይ፤ ይህ ደብራችን ከተተከለ መቶ ዓመት ሞላውና ዛሬ ሁለተኛውን ኢዮቤልዩ እናከብራለን። ኢዮቤልዩ የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ሲሰማ ድንኳን መትከልን፣ ከበሮ መምታትንና ድግስ መደገስን ብቻ ያስባል። ነገር ግን በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ የታዘዘውን ሥርዓት ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፤ ኢዮቤልዩ የምድርም በዓል ነው። በኃምሳኛው ዓመት ሰው ወደ ርስቱ ይመለሳል፤ ባሪያው ነጻ ይወጣል፤ ምድርም ሳትታረስና ሳትዘራ ታርፋለች። እንግዲህ በዓሉ የምድርም ከሆነ፤ በዚህ መጽሐፍ ስለ አለቆችና ስለ ሕንፃው ከተጻፈው ታሪክ ጎን፤ ስለ ምድሪቱና በላይዋ ስለ ቆመው ዛፍ አንድ ነገር መጻፍ ይገባል ብዬ ይህችን ጽሕፈት ጀመርሁ።

በግዕዝ ቋንቋ ደብር ማለት ተራራ ማለት ነው። ያው ቃል ደግሞ ካህናት የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን መጠሪያ ነው። በቅኔ ቤት አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲሸከም ኅብር ይባላል፤ አባቶቻችንም ተራራውንና ቤተ መቅደሱን ባንድ ስም የጠሩት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ጮቄ የሚወጣ መንገደኛ አሻግሮ ሲመለከት፤ ከታረሰው ምድር መካከል ጠቁሮ የሚታይ ዛፍ ካየ፤ ጉልላቱ ባይታየው እንኳ በዚያ ታቦት መኖሩን ያውቃል። በዚህ ደጋ የጽድ፣ የወይራ፣ የዝግባና የኮሶ ዘር እስከ ዛሬ ተጠብቆ የቆየው ከሁሉ ይልቅ በእነዚህ ዐጸዶች ውስጥ ነው።

አባቶች ይህን ዛፍ የጠበቁት ስለ እንጨቱ ዋጋ አይደለም። ዐጸዱ የገነት አምሳል ነው፤ ዛፉም የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። ስለዚህ ለሕንፃው ማደሻና ለንዋያተ ቅድሳት ካልሆነ በቀር ከዐጸዱ እንጨት መቁረጥ በግዝት የተከለከለ ነበረ። ከዋንዛ ከበሮ ይጠረባል፤ ከወይራ መቋሚያ ይዘጋጃል፤ የኮሶም አበባ የሆድ ትል መድኃኒት እንደ ነበረ የማያውቅ ሽማግሌ የለም። በዋሸራ ወይም በጎንጅ፤ በዲማ ወይም በደብረ ኤልያስ የተማረ ሰው ሁሉ እንደሚያስታውሰው፤ ተማሪ ቅኔ የሚቆጥረው ከጎጆው ወጥቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነው። ጥላውና ዝምታው ለእኛ ሁለተኛ መምህር ነበሩ።

ይህ ሥርዓት እምነት ብቻ ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም የሚል ሰው ቢኖር፤ ወደ ሰከላ ሄዶ ግሽ ዓባይን ይመልከት። የዓባይን መነሻ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የእስጳንያ ካህን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1618 ዓ.ም. አየ፤ ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው ደግሞ በ1770 ዓ.ም. ደረሰ። አውሮጳም ምንጩ ተገኘ ብላ ጻፈች። ዳሩ ግን የአገሩ ሰው ያን ውሃ ከሁለቱም አስቀድሞ ያውቀውና ያከብረው ነበረ። እንግዶቹም ከምንጩ የደረሱት የሚያውቀው ሰው መንገድ ስለ መራቸው ነው። የኋላው ነገር ሁሉ በዚህ ምሳሌ ይታያል፤ እንግዳው መለኪያ ይዞ ይመጣል፤ መንገዱን የሚያውቀው ግን የአገሩ ሰው ነው።

ነገር ግን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሚመሰገነውን ብቻ መርጦ ቢጽፍ ሐሰተኛ ይሆናል። አባቶች ዐጸዱን ጠበቁ እንጂ ከዐጸዱ ውጭ ያለውን ዱር አልጠበቁም። ማረሻው ከዳገቱ ላይ ወጣ፤ ከብቱም ከማረሻው በፊት ሄደ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ተቀብለው፤ አስቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረውን ከተማ ደብረ ማርቆስ አሰኝተው መናገሻ ባደረጉት ጊዜ፤ ለአዳራሹ ምሰሶ፣ ለሠራዊቱም ማገዶ የሚሆነው እንጨት የተገኘው ከዚሁ ደጋ ነው። የቀድሞ ነገሥታት ከተማቸውን ከስፍራ ወደ ስፍራ ያዛወሩበት አንዱ ምክንያት የማገዶ ማለቅ መሆኑን የታሪክ ሊቃውንት ጽፈዋል። ስለ ዱሩ መጠን ግን መጠንቀቅ ያሻል። ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ ምድር ከመቶው 40 እጅ ደን ነበረ እየተባለ በየስብሰባው ሲነገር እንሰማለን፤ የታሪክ መርማሪዎች ግን ቁጥሩን ተከትለው ወደ ሥሩ ቢወርዱ የጸና ማስረጃ እንዳላገኙለት አስረድተዋል። ለእውነተኛ ነገር ያልተመረመረ ቁጥር ምስክር አይሆነውም።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን፤ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፤ ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ በአዲስ አበባ ተተከለ። ከባሕር ማዶ የመጣ ስለሆነ ስሙ ባሕር ዛፍ ተባለ። ቶሎ ያድጋል፤ ተቆርጦም ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ከብትም ቅጠሉን አይበላውም፤ ስለዚህ ከተማይቱን በማገዶ ማጣት ከመፍለስ አዳናት። ከዚያም ወደ ጎጃም ደረሰና ለባላገሩ ቤት መሥሪያ፣ ማገዶ፣ የክፉ ቀንም ገንዘብ ሆነ። ይህን በጎነቱን መካድ አይገባም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ ደግሞ፤ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጥታ ገቢዋ ስላነሰ፤ ብዙ ደብር ለዕጣንና ለጧፍ፣ ለአገልጋይም ቀለብ እንዲሆነው በዐጸዱ ዳር ባሕር ዛፍ ተከለ። በችግር የተደረገ ነገር ነውና ማንም በማንም ላይ አይፈርድም።

አሁን ግን የዘመኑን ትምህርት የተማሩት ሰዎች ያገኙትን እንስማ። ፕሮፌሰር ወልደ አምላክ በውቀት የተባሉት የአገራችን ሊቅ፤ ከጮቄ ወርዶ በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈውን የጨሞጋን ወንዝ ተፋሰስ መርምረዋል። ስፋቱ 364 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1957 እና በ1982 ዓ.ም. ከአውሮፕላን የተነሣውን ፎቶግራፍ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ከሰማይ በሳተላይት የተነሣውን ሥዕል እርስ በርሱ አስተያዩ። የተገኘው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የሚያስደንቅ ነው፤ በእነዚያ 41 ዓመታት በዛፍ የተሸፈነው ምድር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ባላገሩ ባሕር ዛፍ ተክሏልና። ሁለተኛው የሚያሳዝን ነው፤ በወንዙ ዳር የነበረው የአገሩ ዛፍና ቍጥቋጦው ተመነጠረ። የወንዙንም ውሃ ከ1960 እስከ 1999 ዓ.ም. በተለካው ልክ ቢመረምሩት፤ በበጋ የሚወርደው ውሃ እያነሰ መሄዱ ታወቀ። ለዚህም ምክንያት የሰጡት የተፈጥሮው ልብስ መገፈፉን፣ የእርሻውን መስፋት፣ የግጦሹን መብዛትና የባሕር ዛፉን መስፋፋት ነው።

ይህን ነገር እንደ ቅኔ ብንፈታው፤ ሰሙ ዛፍ በዛ ይላል፤ ወርቁ ግን ውሃ ጠፋ ይላል። ከሩቅ ሆኖ አረንጓዴውን ብቻ ያየ ሰው በሰሙ ይታለላል። ሽማግሌዎቻችን ምንጩ ደከመ፤ በበጋ ይፈስ የነበረው ወንዝ ተቆራረጠ እያሉ ሲናገሩ፤ የሸመገለ ሰው ያለፈውን ማድነቅ ልማዱ ነው እየተባለ ይታለፉ ነበር። መለኪያው የሽማግሌዎቹን ቃል እውነት አደረገው። ዳሩ ግን ዛፉ የጨመረ መሆኑንና የጨመረውም በምን ያህል እንደሆነ ከዳገት ላይ ቆሞ ሊናገር የሚችል ሽማግሌ አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱ ዕውቀቶች አንዱ ሌላውን ያቃናል እንጂ አንዱ ሌላውን አይሽርም።

ስለ አፈሩም ነገር እንዲሁ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ከስዊስ አገር ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋራ በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርመራ በኢትዮጵያ ተጀመረ፤ መሪውም ሐንስ ሁርኒ የተባለ ሊቅ ነበረ። በጎጃም በደምበጫ አቅራቢያ በአንጀኒ በ1984 ዓ.ም. የመመርመሪያ ስፍራ ተቋቋመ። ይህ ምርመራ በአገሪቱ ከታረሰ መሬት ላይ ከአንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገመተ። 42 ቶን 420 ኩንታል ነው። አንባቢ ሆይ፤ ከአንድ ሄክታር ማሳህ ስንት ኩንታል እህል እንደምታስገባ አንተ ታውቃለህ፤ እንግዲህ ዝናቡ ከአንተ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ምርት ከማሳህ እየሰበሰበ እንደሚሄድ አስተውል።

የጎጃም ገበሬ ይህን ጎርፍ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል፤ ይኸውም የክረምቱ ውሃ ዘሩን እንዳያጥብበት በማረሻ የሚቀደድ ቦይ ነው። ፈሰሱ ቍልቍል ከተለቀቀ ግን ውሃው ኃይል አግኝቶ ቦዩን ቦረቦር ያደርገዋል፤ የጎረቤቱንም ማሳ ይቆርጣል። ከውጭ የመጣውም እርከን የራሱ ስሕተት ነበረበት። በደረቅ አገር ውሃን አቁሞ ለማስቀረት የሚጠቅመው እርከን፤ ዝናብ በሚበዛበት በእኛ ደጋ እንዳለ ሲሠራ ውሃውን አቁሮ ዘሩን ያበሰብሰዋል። ገበሬውም እርከኑን ሲያፈርስ አላዋቂ ተባለ፤ እርሱ ግን የውሃውን መውጫ ይፈልግ ነበር። በአንጀኒ ከኬንያ የተወሰደው ፋንያ ጁ የተባለው እርከን ውሃው ቀስ ብሎ ወደ መውረጃው እንዲሄድ በጥቂቱ ዘንበል ተደርጎ ተሠራና፤ በዓመታት ውስጥ ዳገቱ እየተስተካከለ መጣ። ይህ የእርከኑና የፈሰሱ ዕርቅ ነው ብንል አንሳሳትም።

የአባቶችን ዕውቀት ከመለኪያው ጋራ ያገናኙ ሌሎችም ኢትዮጵያውያን አሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ ሳሉ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ አዩ። ልብስ በእንዶድ ማጠብ በአገራችን ጥንታዊ ነገር ነው፤ ነገር ግን የእንዶድ አረፋ ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በመመርመሪያ ቤት ያረጋገጡት እርሳቸው ናቸው። አንዱ ዓይን አየ፤ ሁለተኛው ዓይን መረመረ፤ ሁለቱም የአንድ ሰው ዓይኖች ነበሩ።

አሁን ወደ ደብራችን ዛፍ እንመለስ። እመጓ የተባለውን መጽሐፍ በመጻፋቸው ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በትምህርታቸው የደን ሊቅ ናቸው። በደቡብ ጎንደር የሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናትን ዐጸድ ዞረው ዛፉንና ቍጥቋጦውን ቢቆጥሩ፤ 168 ዓይነት አገኙ። ይህ የካህናቱ ምስጋና ነው። ነገር ግን ቀጥለው የጠየቁት ጥያቄ ምስጋናውን ወደ ሥጋት ለወጠው፤ ሽማግሌዎቹ ዛፎች አሉ፤ ልጆቻቸው የት አሉ ብለው ጠየቁ።

ከዛፎቹ ሥር ያለውን አፈር ወስደው በውስጡ የተኛውን ዘር መረመሩ። የብዙ ቍጥቋጦና ሣር ዘር በአፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ቀኑን ይጠብቃል። ከታላላቆቹ ዛፎች የሚበዙት ግን እንዲህ አይደሉም፤ ዘራቸው በወደቀበት ዓመት ካልበቀለ ይጠፋል። እንግዲህ ዛፉ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ፤ አፈሩ ስሙን እንኳ አያስታውስም። ደግሞም የበቀለውን ችግኝ ከብት በገባበትና ባልገባበት ስፍራ አስተያይተው ተከታተሉ፤ ከብት በገባበት ችግኙ ተረግጦና ተበልቶ እንደሚያልቅ፤ በታጠረበት ግን ብዙው እንደሚተርፍ ታየ። ካህናቱ መጥረቢያውን በግዝት ከልክለው ሳለ፤ የጥጃው ሰኮና የመጥረቢያውን ሥራ ቀስ ብሎ ይሠራ ነበር።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የቅኔ ቤት ነገር ትዝ አለኝ። ቅኔ የአንድ ቀን ነው፤ ዛሬ የተዘረፈው ነገ አይደገምም። የዜማው ልክና የአገባቡ ሥርዓት ከመምህር ወደ ተማሪ በአፍ ካልተላለፈ፤ መጽሐፉ ብቻውን ባለቅኔ አያወጣም። አንድ ትውልድ ሳይማር ካለፈ የሚቀጥለው ከምንም ነው የሚጀምረው። የእነዚያም ዛፎች ዘር እንደ ቅኔው ነው፤ በዓመቱ ተቀባይ ካላገኘ ይጠፋል።

ዶክተር ዓለማየሁ ማርጋሬት ሎውማን ከተባሉት አሜሪካዊት የደን ሊቅ ጋራ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ተገናኙ። ሁለቱም ካህናቱን ሰብስበው ከሰማይ የተነሣውን የየደብሩን ሥዕል አሳዩአቸው። ካህናቱም ዐጸዳቸው በታረሰ ምድር ባሕር መካከል እንደ ትንሽ ደሴት ሆኖ ሲያዩት ደነገጡ። ከዚያም ምክሩ የመጣው ከሁለቱም ወገን ነው፤ ገበሬው ማረሻውን የሚሰብርበትን ድንጋይ ከማሳው ለቅሞ በዐጸዱ ዙሪያ ይካብ ተባለ። በዣራና በሌሎችም አጥቢያዎች ካቡ ተሠራ። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ከብቱም ከዐጸዱ ወጣ፤ ችግኙም በቀለ። በዚህ ሥራ እጅግ ውድ የሆነ መሣሪያ አልተፈለገም። ድንጋዩ የገበሬው፤ ጉልበቱ የምእመናኑ፤ ግዝቱ የካህናቱ፤ ምርመራው የሊቃውንቱ ነው።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ሌላውን እየመከርሁ ራሴን ብሸሽግ ነውር ይሆናልና። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ደብር ለአዳራሽ መሥሪያ ስፍራ ተፈልጎ በምሥራቅ በኩል የነበሩት አምስት ጽዶች ይቆረጡ የሚል ነገር በተነሣ ጊዜ፤ ይቆረጡ ካሉት አንዱ እኔ ነበርሁ። ለእግዚአብሔር ቤት ሥራ ነው፤ በምትካቸውም እንተክላለን ብዬ ተከራከርሁ። አንድ አረጋዊ የዕቃ ቤት ጠባቂ ግን ተነሥተው፤ ጽድ የሚተክል ሰው ጥላውን አያይም፤ እናንተ የቆረጣችሁትን ማን ዕድሜ ኖሮት ይተካዋል አሉ። ቃላቸውን የሰማቸው አልነበረም። አዳራሹ ተሠራ፤ ይጠቅማልም። በምትኩ የተተከለው ግን ባሕር ዛፍ ሆነ፤ የተተከሉትም ጥቂት የጽድ ችግኞች በከብት ተበሉ። ዛሬ የዶክተር ዓለማየሁን ምርመራ ሳነብ፤ መለኪያ ያልያዙት እኒያ አረጋዊ ከእኔ ከመምህሩ ይልቅ አዋቂ እንደ ነበሩ ገባኝ።

ዛሬም ለኢዮቤልዩ መታሰቢያ የሚሆን ሌላ ሕንፃ ይሠራ፤ የሀብታሞችም መቃብር በሲሚንቶ ሐውልት ይከበር የሚል ምክር አለ። ስፍራው ከየት እንደሚወጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ አለቃውን፣ ካህናቱንና የሰበካ ጉባኤውን በትሕትና የምለምነው ይህን ነው። መጀመሪያ፤ ለበዓሉ መታሰቢያ የሚሆነው የድንጋይ ካብ ይሁን፤ እያንዳንዱ ምእመን ከማሳው ድንጋይ ያምጣ፤ የዐጸዱም በር ለከብት ይዘጋ። ሁለተኛ፤ በጠበሉ አጠገብ ያለው ባሕር ዛፍ ለጉልበት ሥራው ወጪ ይሸጥ፤ ሌላው ከዐጸዱ ርቆ በተለየ ስፍራ ይተከል፤ በጠበሉም ዙሪያ የአገሩ ዛፍ ይመለስ። ሦስተኛ፤ የሚያውቁት አረጋውያን ሳያልፉ፤ የዐጸዱ ዛፍ ሁሉ ስሙና ጥቅሙ በመዝገብ ይጻፍ፤ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የዕፅዋትን ትምህርት የሚያውቁ መምህራን ተጋብዘው ከአረጋውያኑ ጋራ አብረው ይቁጠሩ። አራተኛ፤ የቅኔውና የዜማው ተማሪ ሁሉ አንድ ችግኝ ተቀብሎ እስኪጸና ድረስ ይጠብቅ።

ይህን ስል የሕንፃ ሥራን የምነቅፍ አይደለሁም። ነገር ግን ሕንፃ ቢፈርስ በዐሥር ዓመት ይታነጻል፤ ዘሩ የጠፋ ዛፍ ግን በገንዘብ አይገዛም። የዛሬ መቶ ዓመት ይህን ደብር የተከሉት አባቶች ይህን ኮረብታ የመረጡት ዛፍ ስለ ነበረበት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ አራተኛውን ኢዮቤልዩ የሚያከብሩት ልጆች ስለ እኛ የሚጽፉትን ታሪክ እነሆ እኛው ዛሬ እየጻፍነው ነን። በኢዮቤልዩ ዓመት ርስቱን ያጣ ወደ ርስቱ ይመለሳልና፤ ጽዱና ወይራውም ወደ ርስታቸው ይመለሱ ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።